ቆሞ የተመለሰው ጥቁርና ነጭ ፊልም
(በኢዮቤልዩ በዓላችን፣ ናይሮቢ፣ የተደረገ ንግግር)



ስለ ጥቁርና ነጭ ፊልም ልናገር ነው ስል «እሱ ነገር አሁንም አለ እንዴ?» ያሉኝ አሉ። አለ። ሞቶ የተነሣም አለ። (ዓመቶቹን በፈረንጅ አቆጣጠር ነው የምጠራው።)

የጃፓኑ ፉጂፊልም ኒዮፓን አክሮስ 100 የተባለውን ፊልሙን ማምረት እንደሚያቆም ያስታወቀው በ2018 ነበር። የሚሠራበት ጥሬ ዕቃ አልገኝ ብሎት ነው። ወዳጆቹ ሲወተውቱት ምትክ ዕቃ ፈልጎ በ2019 አክሮስ 2 ብሎ መለሰው። ሳጥኑ ላይ ግን የተሠራው በእንግሊዝ አገር እንደሆነ ተጽፏል። ኮዳክም በ2012 ያቆመውን ቲማክስ ፒ3200 በ2018 መልሶ አወጣ። እኔ የምወደው ይኼኛውን ነው፤ በሻማ ብርሃንም ሆነ ማታ ቡና ተከብቦ ያለ ፍላሽ ያነሣል። ፎቶው አሸዋ የተነሰነሰበት ይመስላል ይላሉ፤ አሸዋውን አልጠላውም።

አንዴ የቆመ ፊልም በቀላሉ አይመለስም። ማሽኑ እንደ ምጣድ ለአንድ ቤተሰብ የሚጣድ አይደለም፤ ብር የያዘውን ጄላቲን በጨለማ ውስጥ በረጅምና ሰፊ ፕላስቲክ ላይ የሚቀባ ነው። ገዢ ከጠፋ ፋብሪካው ይዘጋል፣ ባለሙያው ይበተናል። የእንግሊዙ ኢልፎርድ በ2004 ከስሮ ፊልም መሥራቱን የቀጠለው በ2005 የራሱ ሥራ አስኪያጆች ስለገዙት ነው።

ለእኛ ምን ያገባናል? ከ1974 አብዮት በኋላ ከአገር የወጡ ብዙ ቤተሰቦች በሻንጣቸው ከያዙት ጥቂት ነገር አንዱ ፎቶ ነበር። አልበማችሁን ክፈቱ። አዲስ አበባ ፎቶ ቤት የተነሣችሁት ጥቁርና ነጭ ጉርድ ፎቶ ዛሬም ጥርት ያለ ነው፤ በ1980ዎቹ የተነሣው ባለ ቀለም የሠርግ ፎቶ ግን ቀልቷል። የጥቁርና ነጩ ምስል ብር ነው፤ በደንብ ከታጠበ ብዙ ዘመን ይቆያል። ቀለም ይለቃል።

ቤት ስንቀይር ግን «ይሄ ጥቁር ፕላስቲክ ምን ያደርጋል?» ብለን የምንጥለው ኔጋቲቩን ነው። ፎቶው ቢቀደድ ከኔጋቲቩ ደግሞ ይታተማል፤ ኔጋቲቩ ከተጣለ የምትቀረው ያቺው የደበዘዘች አንድ ወረቀት ናት። የፊልም ፋብሪካ ሲዘጋ የሚከፍተው ተገኝቷል። የተጣለ ኔጋቲቭ የሚመልስ የለም። ስለዚህ ያላችሁን ጠርዙን ይዛችሁ አንሡት፣ በወረቀት ፖስታ አድርጉት፣ ወጥ ቤትና መታጠቢያ ቤት አጠገብ አታኑሩት።

ፊልም ማጠብ ለምትፈልጉ ወጣቶች፤ መድኃኒቱ አብዛኛውን ጊዜ 20 ዲግሪ ነው የሚፈልገው። የናይሮቢ አየር ይስማማዋል፤ ጅቡቲ ያሉት ዘመዶቻችን ግን በረዶ ያዘጋጁ።

ዛሬ ሁለት ጥቅል አክሮስ ይዣለሁ፤ 72 ፎቶ ማለት ነው። ከምሳ በኋላ መስኮቱ አጠገብ ወንበር ይቀመጣል። ከ70 ዓመት በላይ የሆናችሁ ቅድሚያ አላችሁ፤ ነጠላችሁን እንዳለበሳችሁ ኑ።