ሞተሩ የእነሱ፣ ወፍጮው የእኛ

(በማኅበራችን ዓመታዊ ጠቅላላ ጉባኤ፣ ነቀምት፣ ከሂሳብ ክፍል የቀረበ ንግግር)



በየዓመቱ በዚህ ሰዓት ከሂሳብ ክፍል የምትሰሙት የገቢና የወጪ ቁጥር ነው። ቁጥሩ በእጃችሁ ባለው ሪፖርት ውስጥ ስላለ አንደግመውም። ዛሬ የምንነግራችሁ ከሰዓት በኋላ ድምፅ ስለምትሰጡበት ጉዳይ ነው። ይኸውም የወፍጮ ቤታችን ሞተርና ሞተሩን ካቀረበልን ድርጅት ጋር የገባንበት ጭቅጭቅ ነው።

ነገሩን ከሞላ ጎደል ታውቁታላችሁ። ሞተሩን ስናዝ አቅራቢው ቅድመ ክፍያ ካላገኘሁ ዕቃውን አላስመጣም አለን። እኛም ከቁጠባችሁና ከለጋሾች ከተገኘው ገንዘብ የዋጋውን ሦስት አራተኛ ቀድመን ከፈልን። ሞተሩ ከተባለው ቀን ሁለት ወር ዘግይቶ መጣ። ተተከለ፣ ተመረቀ፣ ቡና ተፈላ። በአሥራ አንደኛው ቀን ተቃጠለ። ከዚያ ወዲህ እናቶቻችን የራሳቸው ወፍጮ ቤት ተቆልፎ እያለ በቆሏቸውን በአህያ ጭነው ወደ ሌላ ሰው ወፍጮ እየሄዱ ሲከፍሉ ከረሙ። የዘንድሮው የትርፍ ክፍፍል የቀነሰውም በዚሁ ምክንያት ነው።

አቅራቢው «ያቃጠለው መብራታችሁ ነው» ይላል። እኛ «ሞተርህ ነው» እንላለን። በዚህ ስንመላለስ ወራት አለፉ።

በዚህ መሃል የመኪና ውድድር መከታተል የምትወድ ወጣት ባልደረባችን ስለ ማክላረንና ስለ ሆንዳ አጫወተችን። ፎርሙላ ዋን በሚባለው ውድድር ብዙ ቡድኖች መኪናውን ራሳቸው ይሠሩና ሞተሩን ከሌላ አምራች ይወስዳሉ። የእንግሊዙ ማክላረንና የጃፓኑ ሆንዳ እ.ኤ.አ. በ1988 አብረው ከ16 ውድድሮች 15ቱን አሸንፈዋል። በ2015 እንደገና ሲጣመሩ ሰው ሁሉ የድሮውን ድል ጠበቀ። ሞተሩ ግን ጉልበት አነሰው፣ ቶሎ ቶሎም ይበላሽ ነበር። በዚያ ዓመት ከ10 ቡድኖች 9ኛ ወጡ። ሹፌሩ ፈርናንዶ አሎንሶ፣ እዚያው ጃፓን፣ የሆንዳ ንብረት በሆነው በሱዙካ ሜዳ ላይ፣ ሞተሩ የበታች ውድድር ሞተር ነው ብሎ በሬዲዮ ጮኸ። ይህን ዓለም ሁሉ ሰማው። በ2017 መለያየታቸው ተነገረ።

ያን ጊዜ ብዙ ሰው ጥፋቱን ለሆንዳ ብቻ ሰጠ። ነገር ግን ማክላረን የመኪናው የኋላ ክፍል በጣም ጠባብ እንዲሆን ስለፈለገ፣ ሆንዳ ሞተሩን በዚያ ጥበት ውስጥ ለማስገባት ተቸግሮ ነበር። ማክላረን በ2018 ወደ ሬኖ ሞተር ሲዞር፣ በዚያው ሞተር የሚወዳደረው ሬድ ቡል ሲያሸንፍ እሱ ግን አንድም ውድድር አላሸነፈም። ችግሩ በራሱ መኪናም ውስጥ እንደነበረ ያን ጊዜ ታየ። ሆንዳ ደግሞ በ2019 ከሬድ ቡል ጋር ተጣምሮ አሸነፈ፤ በ2021 ማክስ ቨርስታፐን የዓለም ሻምፒዮን የሆነው በሆንዳ ሞተር ነው።

ይህን ስንሰማ «እኛስ የራሳችንን ቤት ፈትሸናል ወይ?» ብለን ተጠያየቅን። አልፈተሽንም ነበር። ስለዚህ ከሁለታችንም ወገን ያልሆነ ባለሙያ አስጠራን። ሞተሩ በውሉ ላይ ከተጻፈው ጉልበት ያነሰ ሆኖ ተገኘ፤ ይህ የአቅራቢው ጥፋት ነው። እኛ ደግሞ የመብራቱ ኃይል ሲወርድ ሞተሩን የሚያጠፋ መከላከያ አላስገባንም፤ በየቀኑ ስንት ሰዓት እንደሠራ የሚያሳይ መዝገብም አልነበረንም። ከሁሉ የባሰው፣ በሞተሩ ላይ የተለጠፈውን ቁጥር ከውሉ ጋር ሳናመሳክር በርክክብ ሰነዱ ላይ ፈርመናል። ከፈረሙት እጆች አንዱ የእኛ፣ የሂሳብ ክፍሉ ነው። ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም እንደሚባለው፣ ያ ወረቀት ዛሬ በአቅራቢው እጅ ሆኖ እኛኑ ይከራከረናል።

ከመኪና ውድድር ይልቅ የሚቀርበን ሌላም ምሳሌ አለ። ብዙዎቻችን ለታላቁ የሕዳሴ ግድብ ቦንድ ገዝተናል፤ ከወር ደመወዛችን አስቆርጠናል። የእኛ ደዴሳም ዓባይን የሚቀላቀለው ከግድቡ በላይ ነው። የግድቡ መሠረት መጋቢት 24 ቀን 2003 ዓ.ም. ጉባ ላይ ሲጣል፣ የግንባታው ሥራ ለጣሊያኑ ሳሊኒ ተሰጠ። ተርባይንና ጄኔሬተር የመትከሉ፣ የውሃ መቆጣጠሪያ የብረት ሥራውም ጭምር፣ ለብረታ ብረትና ኢንጂነሪንግ ኮርፖሬሽን ለሜቴክ ተሰጠ። ግድቡን አንዱ ይሠራል፣ ሞተሩን ሌላው ያቀርባል ማለት ነው። ኮንክሪቱ ከፍ እያለ ሲሄድ የብረቱ ሥራ ወደ ኋላ ቀረ። በ5 ዓመት ያልቃል የተባለው ሥራ ከ7 ዓመት በኋላም አንዲት አምፖል አላበራም። ነሐሴ 2010 ዓ.ም. የሜቴክ ውል መቋረጡ ተነገረ።

እኛን የሂሳብ ሰዎችን ከሁሉ ይበልጥ ያስደነገጠን በጊዜው በይፋ የተነገረው የክፍያ ነገር ነው። ከውሉ ገንዘብ 65 በመቶ ያህሉ ተከፍሎ ሳለ የተሠራው ሥራ ግን ሩብ እንኳ አልሞላም። በዚያ ላይ ሳሊኒ በሜቴክ መዘግየት ምክንያት ካሣ ጠየቀ። አንዱ ሲዘገይ ሌላው ያስከፍላል፤ ሁለቱንም የሚከፍለው ባለቤቱ ነው።

ደግነቱ ነገሩ በዚያ አልቀረም። ከ2011 ዓ.ም. ጀምሮ ሥራው ልምድ ላላቸው የውጭ ኩባንያዎች ተከፋፍሎ ተሰጠ። ታቅደው ከነበሩት 16 ተርባይኖች ቁጥሩ ወደ 13 ወረደ። የመጀመሪያው ተርባይን የካቲት 13 ቀን 2014 ዓ.ም. ኃይል ሰጠ፤ ግድቡም 5,150 ሜጋ ዋት የማመንጨት አቅም ይዞ ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ዓ.ም. ተመረቀ። ጥፋቱ በግልጽ ባይነገር ኖሮ አይታረምም ነበር ብለን እናምናለን።

እንግዲህ ከሰዓት በኋላ የምናቀርብላችሁ ሐሳብ ይህ ነው።

አንደኛ፣ ወደ ፍርድ ቤት ከመሮጣችን በፊት ከአቅራቢው ጋር የባለሙያውን ሪፖርት ይዘን እንቀመጥ። እሱ በውሉ መሠረት ሙሉ ጉልበት ያለው ሞተር ይተካ፤ እኛ መከላከያውን በራሳችን ገንዘብ እናስገባ። እምቢ ካለ ያን ጊዜ በሕግ እንጠይቃለን።

ሁለተኛ፣ ከእንግዲህ ማኅበራችን ከሥራው ቀድሞ አይክፈል። ቅድመ ክፍያ የግድ ከሆነ ትንሽ ይሁን፤ የባንክ ዋስትናም ይቅረብበት። ሌላው ክፍያ ዕቃው ሲደርስ፣ ሲተከልና ተሞክሮ ሲሠራ ደረጃ በደረጃ ይሁን። የመጨረሻው ድርሻ ደግሞ ሞተሩ አንድ የመኸር ወቅት በቆሎ ፈጭቶ እስኪታይ በእጃችን ይቆይ።

ሦስተኛ፣ በርክክብ ሰነድ ላይ ባለሙያና የቁጥጥር ኮሚቴው ሳይፈርሙ ሂሳብ ክፍሉ ቼክ አይጻፍ። ይህ ደንብ መጀመሪያ የሚያስረው እኛን ነው፤ እንዲያስረንም እንፈልጋለን።

አራተኛ፣ ወፍጮ ቤቱ የየዕለት መዝገብ ይኑረው። ማንበብና መጻፍ የተማሩ ልጆቻችን ይያዙት።

ክቡራን ለጋሾቻችን፣ ይህን ሁሉ በሪፖርቱ ውስጥ «ልዩ ልዩ ወጪ» በሚል አንድ መስመር ልናልፈው እንችል ነበር። አላደረግነውም። ገንዘቡ የእናንተም የእናቶቻችንም ነው፤ የት እንደገባ ማወቅ መብታችሁ ነው።

እናቶቻችን፣ ወፍጮ ቤቱ ተቆልፎ በከረመባቸው ወራት አንዳችሁም ቁጠባችሁን አላቋረጣችሁም። መዝገቡ በእጃችን ስላለ እናውቃለን። ቀጣዩ መኸር ከመድረሱ በፊት በሩ እንዲከፈት ድምፃችሁን ስጡበት።