ግድግዳ ላይ የምንለጥፈው ወረቀት



«የግድግዳ ጋዜጣ ደግሞ ምን ጋዜጣ ነው?» የምትሉ አትጠፉም። በአፄ ምኒልክ ዘመን የወጣው «አእምሮ» ጋዜጣም ሲጀመር በእጅ ነበር የሚጻፈው። «ስትራግል» የተባለው የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ጋዜጣ በ1962 ዓ.ም. ያወጣው የብሔረሰቦች ጥያቄ ጽሑፍ ደግሞ እስከ ዛሬ ያከራክራል። የተማሪ ጽሑፍ ቀላል አይደለም።

እኔ ይህን የተማርኩት በጥፋት ነው። ተማሪ ሳለሁ በሚኒ ሚዲያችን ጋዜጣ ላይ «ኤች.አይ.ቪ. በደሟ ውስጥ ያለባት ተማሪ በመካከላችን አለች» ብለን ለጠፍን። ስም አልጠራንም፤ ግን ክፍሏን ጽፈን ነበር። በሳምንቱ ትምህርቷን አቋረጠች። ይቅርታ ጽፈን ብንለጥፍም አልተመለሰችም።

ከዚያ ወዲህ ሰውን ትተን ጉዳይ መጻፍ ጀመርን። የሴቶች መጸዳጃ ቤት በር እንደሌለው ጻፍን። ወላጆች አነበቡት፤ በወላጆች ስብሰባ ላይ ተነሳ፤ ገንዘብ ተዋጣ፤ በሩ ተገጠመ። ሴቶቹ ብቻ የሚንሾካሾኩበት ነገር የሁላችን ጉዳይ ሆነ ማለት ነው።

እናም እህት ወንድሞቼ፣ ከመለጠፋችሁ በፊት ጠይቁ፦ ይህ ጽሑፍ ሰው ያሰባስባል ወይስ ሰው ያባርራል?