ስፒከር ስንሞክር ኮምፒውተር እንዳናቃጥል
(በማኅበራችን ወርኃዊ ስብሰባ ላይ በጸሐፊው የተደረገ ንግግር)



ዛሬ የምናገረው ስለ ማኅበራችን ድምፅ ማጉያና ስለ አንድ አባላችን ቤት ኮምፒውተር ነው። ጉዳዩ ትንሽ ይመስላል። ነገር ግን ጎረቤት ከጎረቤት ያስቀየመ ስለሆነ ሁላችሁም ብትሰሙት ይሻላል ብዬ ነው።

እንደምታውቁት ለልቅሶም ለስብሰባም የምንገለገልባቸው ሁለት ስፒከሮች አሉን። ባለፈው ልቅሶ ላይ አንደኛው ድምፅ አልሰጥ አለ። አንድ ወጣት አባላችን ማንም ሳያዘው፣ «ለሠሪ ገንዘብ ከምናወጣ እስቲ እኔ ልየው» ብሎ ስፒከሩንና አምፕሊፋየሩን ወደ ቤቱ ወሰደ። ቤት ውስጥ ታናሽ እህቱ የምትማርበት ኮምፒውተር አለ። የስፒከሩን ሁለት ሽቦ ከአሮጌ ጆሮ ማዳመጫ በተቆረጠ ጃክ ላይ አስሮ ኮምፒውተሩ ላይ ሰካው። ቀጭን ድምፅ ብቻ ተሰማ። «ጉልበት አንሶት ይሆናል» አለና፣ ጃኩን ሳይነቅል የአምፕሊፋየሩን ሽቦ እዚያው ስፒከር ላይ ደርቦ አሰረና ከፈተው። ከዚያ ወዲያ ኮምፒውተሩ ይጽፋል፣ ሥዕል ያሳያል፤ ድምፅ ግን የለውም። ልጅቷም ትምህርቱን ስትከፍት የአስተማሪዋን አፍ ብቻ ታያለች።

የሚያሳዝነው ደግሞ ስፒከሩ ደህና ነበር። ኋላ በቴስተር ሲታይ የተበጠሰው የእኛው ረጅም ገመድ ሆኖ ተገኘ።

ታዲያ ኮምፒውተሩ ለምን ተቃጠለ? ሠሪ ጠይቄ የተረዳሁትን ላስረዳ። የኮምፒውተር የድምፅ መውጫ የተሠራው ለጆሮ ማዳመጫ ወይም የራሱ ማጉያ ላለው ስፒከር ነው። የሚያወጣውም አንድ ወይም ሁለት ቮልት ቢሆን ነው። አምፕሊፋየር ግን ሌላ ነው። 50 ዋት ኃይል ወደ 8 ኦም ስፒከር ሲልክ ሽቦው ላይ 20 ቮልት ያህል አለ። ሁለቱ አንድ ስፒከር ላይ ሲታሰሩ ያ 20 ቮልት በጃኩ በኩል ወደ ኮምፒውተሩ ተመልሶ ገባ። ውስጥ ያለችው የድምፅ ክፍል ከጥፍር የማትበልጥ ናት፤ በምን አቅሟ ትቻለው?

አምፕሊፋየር ባይኖርም ማጉያ የሌለውን ስፒከር በቀጥታ ኮምፒውተር ላይ መሰካት ደግ አይደለም። ከስልክ ጋር የምንጠቀምበት ጆሮ ማዳመጫ በአብዛኛው ከ16 እስከ 32 ኦም ነው። የእኛ ስፒከር 8 ኦም ነው፤ 4 ኦም የሆነም አለ። ኦሙ ባነሰ ቁጥር ብዙ ኤሌክትሪክ ይስባል፣ መውጫውንም ያግላል። ሁለቱ ባዶ ሽቦዎች ከተነካኩ ደግሞ የባሰ ነው።

ሌላም አለ። ኤርዝ በሌለው ሶኬት ላይ የተሰካ ዕቃ ብረቱ ሲነካ ነዘር የሚያደርገው ጊዜ አለ አይደል? ያ ኤሌክትሪክ፣ ዕቃዎቹ በርተው ሳለ ጃክ ስንሰካ በጃኩ በኩል ሊያልፍና ሊጎዳ ይችላል። መብራት ሄዶ ሲመጣም አምፕሊፋየሩ በአንዴ «ዷ!» ይላል፤ ድምፁ ከፍ ተደርጎ ከተተወ ስፒከሩን ሊጎዳው ይችላል።

ስለዚህ ስፒከር ስትሞክሩ እንዲህ አድርጉ።

1ኛ/ ስፒከሩን ከሁሉም ነገር ለዩት። ከኮምፒውተርም ከአምፕሊፋየርም ይነቀል።

2ኛ/ በቴስተር ኦሙን ለኩ። 8 ኦም የተባለ ስፒከር 6 ወይም 7 ቢያሳይ ጤነኛ ነው። ምንም ካላሳየ ውስጡ ተበጥሷል፤ ዜሮ አካባቢ ከሆነ ተገናኝቷል።

3ኛ/ ቴስተር ከሌለ ባለ 1.5 ቮልት የራዲዮ ባትሪ ሽቦዎቹ ላይ ለቅጽበት ነካ አድርጉ። «ጠቅ» ካለ ይሠራል። ባትሪውን ይዛችሁ አትቆዩ።

4ኛ/ ገመዱንም እንዲሁ ለኩ። አብዛኛው ብልሽት የሚገኘው ገመድና ጃክ ላይ ነው።

5ኛ/ ኮምፒውተር ከአምፕሊፋየር ጋር ማገናኘት ግድ ከሆነ፣ የኮምፒውተሩ አረንጓዴ ቀዳዳ ከአምፕሊፋየሩ መግቢያ ጋር ብቻ ይገናኝ። የስፒከር ሽቦ የሚታሰርበት ቦታ መውጫ ነውና ወደ ኮምፒውተር አይሂድ። ሁሉም ጠፍቶ ይሰካ፤ ድምፁ ዝቅ ይደረግ፤ አምፕሊፋየሩ መጨረሻ ይከፈት፣ መጀመሪያ ይዘጋ።

አሁን ወደ ዋናው ነገር ልምጣ። አንዳንዶቻችሁ «ማን ንካ አለው? የራሱ ጉዳይ ነው» ብላችኋል። እኔ በዚህ አልስማማም። ልጁ የሞከረው የራሱን ቴፕ አይደለም፤ የማኅበሩን ዕቃ ነው። ገንዘብ ሊያድንልን ብሎ የቤቱን ዕቃ አጣ። ዛሬ «የራስህ ጉዳይ» ካልነው ነገ ድንኳን ሲተከል ማን ገመድ ሊዘረጋ ይመጣል? አሳላፊውስ፣ ወንበር ተሸካሚውስ ይህን አይቶ ምን ይላል?

ደግሞ ጉዳቱ ያን ያህል የሚከብድ አይደለም። ሠሪው እንዳየው የተቃጠለው የድምፁ ክፍል ብቻ ነው። ማዘርቦርድ መቀየር ሳያስፈልግ በዩኤስቢ የምትሰካ ትንሽ የድምፅ መሣሪያ ብትገዛ ልጅቷ ትምህርቷን ትሰማለች።

ስለዚህ ሦስት ነገር ለስብሰባው አቀርባለሁ። አንደኛ፣ ይህችን መሣሪያ ማኅበሩ ይግዛ። ሁለተኛ፣ አንድ ቴስተርና አንድ መለዋወጫ ገመድ ገዝተን ከስፒከሮቹ ጋር እናስቀምጥ። ሦስተኛ፣ ከእንግዲህ የማኅበሩ ስፒከር በማንም ቤት ኮምፒውተር አይሞከር፤ በጽሕፈት ቤቱ ሁለት ሰዎች ባሉበት ይታይ። ሳይቃጠል በቅጠል ይባላል፤ አንዱ አስቀድሞ ተቃጥሎብናል፣ ሁለተኛው አይድገመን።

የምትደግፉ እጃችሁን አውጡ፤ ተቃውሞ ያለውም ይናገር፣ እንሰማለን።