ገመዱን የያዘው ማን ነው?

(ሮብ ገበያ ላይ ከተደረገ ንግግር የተወሰደ)

ወገኖቼ፣ ዕለቱ ሮብ ነው፣ ገበያ አለባችሁ፤ ብዙ አላስቆማችሁም።

ፈረንጅ አጋንንት የሚያሳድድ የምስጢር መሥሪያ ቤት በፊልም ሲያሳየን አፋችንን ከፍተን እናያለን። እኛ እኮ በእውን ነበረን! ሌባሻይ ይባላል። በአፄ ምኒልክ ዘመን መንግሥት ያወቀው ሥራ ነበር።

በሬ ጠፋ እንበል። ሌባሻዩ ለአቅመ አዳም ያልደረሰ ልጅ ይዞ ከች ይላል። መድኃኒት ያጠጣዋል፣ ጭስ ያስምገዋል። ልጁ ዓይኑ ይገለበጥና እያነፈነፈ ቤት ለቤት ይሮጣል። ወገቡ በገመድ ታስሯል፤ ገመዱን የያዘው ሰውዬ ከኋላ ይከተላል። ልጁ የማን መኝታ ላይ ተዘረረ? ሌባው እሱ ነው! ምስክር የለ፣ ማስረጃ የለ... ክፈል! እስቲ ያ ልጅ እናንተ መደብ አጠገብ ሲንገዳገድ ይታያችሁ። «የኔ ልጅ፣ የጎረቤቴ መደብ ይሻልሃል፣ ቁርበቱም አዲስ ነው» ሳትሉት ትቀራላችሁ?

እኔን የሚያስፈራኝ ጋኔኑ አይደለም፤ ገመድ ያዡ ነው። የልጁ ዓይን ተገልብጧል፣ የሰውዬው ግን አልተገለበጠም። ከማን ጋር የድንበር ጠብ እንዳለው አይረሳም።

በ1969 እና በ1970 ዓ.ም. በቀይ ሽብር ጊዜ በየቀበሌው «አጋልጥ!» ሲባል መድኃኒትም ጭስም አላስፈለገም፤ ጣት በቃ። ከዚያስ ወዲህ «ታማኝ ምንጭ ጠቁሞናል» እየተባለ ስንቱ ታሰረ? ምንጩ ማን ነው ሲባል... ምስጢር! የሌባሻዩ ልጅ እንኳ ፊቱ ይታይ ነበር። እኛ የምንለው ምንጩ ችሎት ይቅረብና በመስቀለኛ ጥያቄ ይፈተን ነው። የጠጣው ነገር ካለም አብሮ ይመርመር!