ሁለተኛይቱ መርከብ

የምናገረው ለተመራቂዎቹ ነው።

ልጆቼ፣ ስለ አንዲት ፈረንሳዊት ምሁር ላጫውታችሁ። ዣክሊን ደ ሮሚዪ ይባላሉ፤ ዕድሜያቸውን ለጥንታዊ ግሪክኛ የሰጡ ናቸው። እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1913 ሻርትር ከተማ ተወለዱ። አባታቸውን ገና በጨቅላነታቸው አንደኛው የዓለም ጦርነት በላባቸው፤ ደራሲ እናታቸው ብቻቸውን አሳደጓቸው። በ1930 አገር አቀፉ የተማሪዎች ውድድር ለሴቶች ሲከፈት በላቲን አንደኛ፣ በግሪክኛ ሁለተኛ ወጡ። አባታቸው አይሁዳዊ ነበሩና በናዚ ወረራ ዘመን የፈረንሳይ የቪሺ መንግሥት ከማስተማር አገዳቸው። በ1973 ግን በኮሌዥ ደ ፍራንስ የመጀመሪያዋ ሴት ፕሮፌሰር፣ በ1988 ደግሞ የፈረንሳይ አካዳሚ አባል ሆኑ።

ማዕረጉ ይቆየን። እኔን የሚገርመኝ በወጣትነታቸው እናታቸው የሰጧቸውን የጥንታዊውን ግሪካዊ ታሪክ ጸሐፊ የቱኪዲዴስን የጦርነት ታሪክ እስከ እርጅና አለመልቀቃቸው ነው። የዶክትሬት ጥናታቸውን ሠሩበት፤ ወደ ፈረንሳይኛ መለሱት፤ በየዘመኑ እየተመለሱ ጻፉበት።

ምን አገኙበት? አንዱን ታሪክ ልንገራችሁ። ከክርስቶስ ልደት በፊት በ427 ነው። ሚቲሊኒ የተባለች ከተማ በአቴና ላይ አምፃ ተሸነፈች። የአቴና ሕዝብ ጉባኤ ተቀምጦ በንዴት ፈረደ፦ ለአካለ መጠን የደረሰ ወንድ ሁሉ ይገደል፣ ሴትና ሕፃን ለባርነት ይሸጥ። ትእዛዙን የያዘች መርከብ ያን ዕለት ተነሣች። ሲነጋ ሰዉ ተጸጸተ፤ ጉባኤው እንደገና ተጠራ። ክሌዎን የተባለ ተናጋሪ፣ “ፍርዱ ይጽና” አለ። ዲዮዶቶስ የተባለ ሌላ ተነሥቶ ተከራከረው፤ የእርሱ ሐሳብ በጥቂት እጅ አሸነፈ። ሁለተኛ መርከብ ተላከች። የፊተኛይቱ አንድ ቀንና አንድ ሌሊት ያህል ቀድማለች። የሁለተኛይቱ ቀዛፊዎች በወይንና በዘይት የተለወሰ የገብስ ዱቄት መቅዘፊያቸውን ሳይለቁ በሉ፤ በየተራ ተኙ። የፊተኞቹ ለከፋ ሥራ ስለሚሄዱ አልቸኮሉም። የጦር አዛዡ ትእዛዙን አንብቦ ሊፈጽም ሲሰናዳ ሁለተኛይቱ ደረሰች። ከተማይቱ ተረፈች፤ ሆኖም ቱኪዲዴስ እንደጻፈው የአመፁ መሪዎች የተባሉ ከአንድ ሺህ በላይ ሰዎች ተገድለዋል።

ቱኪዲዴስ የክሌዎንንም የዲዮዶቶስንም ንግግር ጎን ለጎን አስቀምጧል። የክሌዎንን ስታነቡ ልክ ይመስላችኋል፤ ገጹን ስትገልጡ ትናወጣላችሁ። ሮሚዪ ከመረመሯቸው ነገሮች አንዱ ይህ የክርክር ጥበብ ነው። ያን ክርክር በማጠቃለያ ያነበበ ማን እንዳሸነፈ ያውቃል፤ ራሱ ሲናወጥ ግን አያየውም።

እኔም መምህር ነበርኩ፤ እዚህ ላይ ልቆጣችሁ። ሾርት ኖት አንብባችሁ ፈተና አልፋችኋል፤ አውቃለሁ፣ አርሜላችኋለሁ። አንድ መጽሐፍ ከዳር እስከ ዳር ሳያነብ የሚመረቅ ልጅ ሳይ ያመኛል። ነገ ፋይል ፊታችሁ ይቀርባል፤ ሰው ይቀጠራል፣ ይባረራል፣ ይታሰራል በእናንተ ፊርማ። የሌላውን ወገን ቃል እስከ መጨረሻው መስማትን ያልለመደ በምን ትዕግሥት ይፈርማል?

ሮሚዪ ዓይናቸው ደክሞ ማንበብ ሲሳናቸው እንኳ መጽሐፍ ማሳተም አላቆሙም። በ2010 በ97 ዓመታቸው አረፉ።

የመጀመሪያ ደመወዛችሁ ላይ አንድ ወፍራም መጽሐፍ ግዙልኝ፤ የቱኪዲዴስ ካልሆነም የወደዳችሁት ይሁን። ዓመት ይፍጅባችሁ። ወላጆችም “አሁንም ትምህርት?” ብላችሁ አትከልክሏቸው።