ስለ መልካም ድምፅ ቀረጻና ስለምንወዳቸው አልበሞች

በትምህርት ቤቱ የምሥረታ በዓል ላይ በ12ኛ ክፍል የሙዚቃ ክበብ ስም የተደረገ ንግግር





የሙዚቃ ክበብ ልጆች ይናገራሉ ሲባል ምናልባት የትኛው ዘፋኝ ከየትኛው እንደሚበልጥ ልንከራከር የመጣን መስሏችሁ ይሆናል። ያንን ክርክር በፒያሳ ቡና ቤቶች ዘወትር ስለምትሰሙት ዛሬ እንተወዋለን። የእኛ ጉዳይ ሌላ ነው፤ ይኸውም አንድ ዜማ ከዘፋኙ አፍ ወጥቶ ከጆሯችን እስኪደርስ ድረስ በመንገድ ላይ ምን ያገኘዋል የሚል ነው።

ወደዚህ ጥያቄ ያደረሰን አንድ የገዛ ጥፋታችን ስለ ሆነ በእርሱ እንጀምራለን። የትምህርት ቤታችን የሌሊት ዘበኛ የነበሩት ጋሼ ባለፈው ዓመት በጡረታ መሰናበታቸውን ሁላችሁም ታስታውሳላችሁ። ማታ ማታ ከበሩ አጠገብ ተቀምጠው ዋሽንት ሲነፉ ስንቶቻችን ጥናታችንን ትተን አዳምጠናቸዋል! በመሰናበቻቸው ቀን በዚሁ መድረክ ላይ እንዲነፉልን ለመንናቸውና ቀረጽናቸው። ማይክሮፎኑን ከከንፈራቸው ሥር ደቀንን፤ ማጉያውን እስከ መጨረሻው ከፈትን፤ ስልካችንንም ከማጉያው ፊት አስቀመጥን። ማታ ከፍተን ብንሰማው ዋሽንት የሚባል ነገር የለበትም። የተሰነጣጠቀ ጩኸት፤ እንደ ነፋስ የሚገፋ እስትንፋስና የአዳራሹ ግድግዳ የሚመልሰው ገደል ማሚቶ ብቻ ነበር። እርሳቸውም በማግሥቱ ጧት ወደ አገራቸው ወደ ደባርቅ ሄደዋል። አፈርን።

ከዚያ በኋላ ነው እንግዲህ በደንብ የተቀረጸ ድምፅ ምን ዓይነት እንደ ሆነ ለማወቅ ቅዳሜ ቅዳሜ ከፒያሳ አቅራቢያ በአንድ ጓደኛችን ቤት እየተሰበሰብን ማዳመጥ የጀመርነው። አባታቸው የሸክላ ማጫወቻ አላቸው፤ እኛ ደግሞ ከዘመድ የተላኩ ሲዲዎችን አመጣን። ያገኘነውን ከመናገራችን በፊት ግን ስለ ሦስቱ ሥራዎች ጥቂት እንበል።

ከመካከላችን ብዙዎቻችን አንደኛ ደረጃን በሚሲዮን ትምህርት ቤት ስለ ተማርን መዝሙር በአራት ድምፅ ተከፋፍለን መዘመር ለምደናል። ነገሩን ለመረዳት የረዳን ይኸው ነው። ዘማሪው የት እንደሚቆም፤ ሰሚውም ከየት ሆኖ እንደሚያዳምጥ መወሰን ቀረጻ ነው። መዝሙር መሪው እጁን አንሥቶ ለአልቶዎቹ «ዝቅ በሉ»፤ ለባሶቹ «ጠንክሩ» ሲል የሚያደርገው ሚክሲንግ ይባላል፤ ድምፆቹን እያመዛዘኑ ማዋሐድ ማለት ነው። ከዚህ በኋላ ሥራው ወደ ሸክላ ወይም ወደ ሲዲ ከመተላለፉ በፊት አንዱ ዘፈን ከሌላው ሳይጮህና ሳይደክም አልበሙ አንድ ወጥ እንዲሆን፤ በትልቅም ሆነ በትንሽ ማጫወቻ እንዲሰማ የሚያስተካክል አንድ ጆሮ ያስፈልጋል። ይህ ማስተሪንግ ነው። በሥራው ጊዜ ማንም አያየውም፤ የተበላሸ እንደ ሆነ ግን ሁሉም ይሰማዋል።

አሁን ወደ አልበሞቹ። ዓመቶቹን ሁሉ የምንናገረው በአውሮፓ አቆጣጠር ነው።

አስቀድመን የምናነሣው ሙላቱ አስታጥቄ በ1972 በኒው ዮርክ ያስቀረጹትን «ሙላቱ ኦፍ ኢትዮጵያ» የተባለውን ነው። ይህን አልበም ስትራት የተባለው የእንግሊዝ ኩባንያ በ2017 እንደ ገና ሲያሳትመው በስቴሪዮና በሞኖ የተዋሐዱትን ሁለቱንም አብሮ አወጣቸው። ለተማሪ ከዚህ የበለጠ መማሪያ መጽሐፍ አይገኝም! የተጫዋቾቹ እጅ ያው፤ ቀኑም ያው ሆኖ ሳለ ስቴሪዮውን ሲሰሙት ሳክስፎኑና ኮንጋው እንደ ጎረቤት በየደጃፋቸው ተቀምጠው ይነጋገራሉ፤ ሞኖው ላይ ደግሞ ሁሉም በአንድ በር ተጋፍተው ይገባሉ። ለእኛ ጆሮ ከበሮውና ቤዙ በሞኖ ይበረታሉ። ድምፅ ብንሰጥ ስቴሪዮው በ5 ለ4 አሸነፈ፤ የተሸነፉት ግን እስከ ዛሬ አልተቀበሉትም።

ሁለተኛዋ የእኛው ልጅ ናት። አስቴር አወቀ በ1959 በዚሁ በጎንደር ተወለደች፤ በልጅነቷ ወደ አዲስ አበባ፤ በ1981 ደግሞ ወደ አሜሪካ ሄደች። «አስቴር» የተባለው አልበሟ በ1989 በለንደን ትሪፕል ኧርዝ ከሚባል ኩባንያ ወጣ። የአስቴር ድምፅ ለቀራጭ ፈተና ነው፤ ከሹክሹክታ ተነሥቶ ባንድ ትንፋሽ ጣራ ይነካልና። ሹክሹክታው እንዲሰማ ማሽኑን ከፍ ያደረጉት እንደ ሆነ ጩኸቱ ይሰነጠቃል፤ ለጩኸቱ ብለው ዝቅ ያደረጉት እንደ ሆነ ሹክሹክታው ይጠፋል። በዚህ አልበም ላይ ሁለቱም ድነዋል። የናሱ መሣሪያዎች ሲነሡ እንኳ እርሷን አይሸፍኗትም። እናቶቻችን ከዚያ በፊት የወጡትን ካሴቶቿን አብልጠው ይወዳሉ፤ በዜማው ላይ አንከራከራቸውም።

ስለ ሚክሲንግ ኃይል ማወቅ የሚፈልግ ሰው ደግሞ የእጅጋየሁ ሽባባውን (የጂጂን) ሁለት አልበሞች አከታትሎ ይስማ። በ2001 በወጣው «ጂጂ» ላይ አዘጋጁ ቢል ላዝዌል ሲሆን፤ ሄርቢ ሃንኮክ፤ ዌይን ሾርተርና ፋሮ ሳንደርስን የመሰሉ የጃዝ ሊቃውንት ተጫውተዋል። ይኸው ላዝዌል ያንኑ ቀረጻ እንደ ገና ወስዶ በ2003 «ኢሉሚኔትድ ኦዲዮ» ብሎ አወጣው። ዘፋኟ ወደ ሩቅ ተራራ ሄዳ አልፎ አልፎ ብቻ ድምጿ በጭጋግ ውስጥ የሚመጣ ይመስላል። የተጨመረ ዘፈን የለም፤ የተለወጠው የአዋሐጁ እጅ ነው።

በዚህ ጉዳይ ባለውለታችን የሆነው «ኢትዮፒክስ» የተባለው ተከታታይ ነው። ፍራንሲስ ፋልሴቶ የተባሉት ፈረንሳዊ ከ1990ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ የድሮ ሸክላዎቻችንን እየሰበሰቡ ቡዳ ሙዚክ በሚባል ኩባንያ አሳተሟቸው። (በኩባንያው ስም አትሳቁ፤ በፈረንሳይኛ ሌላ ነው።) ከእነዚህም ውስጥ ብዙዎቹ ዐምሐ እሸቴ ከ1969 እስከ 1975 በራሳቸው ድርጅት ያሳተሟቸው ነበሩ። በ11ኛው ቁጥር ላይ ያለው የዓለሙ አጋ በገና ግን ለብቻው የሚነገርለት ነው። በገና የሚነዝረው በጅማቱና በድልድዩ መካከል በሚገቡት የቆዳ ቁርጥራጮች፤ በእንዚራዎቹ፤ መሆኑን ታውቃላችሁ። በገና ሰምቶ የማያውቅ ቀራጭ ይህን ንዝረት ጉድለት መስሎት ሊያጠራው ይነሣ ነበር፤ ያን ጊዜ በገናው ክራር ሆኖ ይቀር ነበር። እግዚአብሔር ይስጣቸው፤ አልነኩትም።

ስሕተት በትልልቆቹም ዘንድ እንደሚደርስ ለመጽናናት ያህል እናስታውስ። ማይልስ ዴቪስ በ1959 ቀድሞ ቤተ ክርስቲያን በነበረው በኒው ዮርኩ የኮሎምቢያ ስቱዲዮ ያስቀረጸው «ካይንድ ኦፍ ብሉ» የቴፕ መቅጃው ፍጥነት ስለ ተዛባ አንደኛው ገጹ ከእውነተኛው ቃና ጥቂት ከፍ ብሎ ለብዙ ዓመታት ተሸጧል። የታረመ እትም የወጣው በ1992 ነው፤ ከ33 ዓመት በኋላ ማለት ነው።

ወደ ፒያሳችን እንመለስ። ከላይ ከጠራናቸው አልበሞች አንዱን ከሲዲ፤ ቀጥሎም ከስልክ ቤት በሚሞሪ ካስጫንነው ግልባጭ ሰማነው። ሲዲ በየሰከንዱ 1,411 ኪሎቢት ይይዛል፤ የተጫነልን ግን 128 ነበር፤ ከ11 እጅ አንዱን ያህል መሆኑ ነው። በዚያም ላይ የሱቁ ማጉያ ቤዙን ብቻ ያስጮኸዋል። የጎንደር ልጅ እስትንፋሷ ሳይቀር በጥንቃቄ ተቀርጾላት፤ ተወለደችበት ከተማ ሲደርስ ከ11 እጅ አንዱ ቀረ። ባለሱቁን አንወቅስም፤ እርሱም የተቀበለው ግልባጭ ነው። እኛም ለየጓደኞቻችን ያንኑ ስናስተላልፍ ኖረናል።

ከሁሉ በላይ የነካችንን ለመጨረሻ አቆይተናታል። እማሆይ ጽጌ ማርያም ገብሩ በ1960ዎቹ በዚሁ በጎንደር ተቀምጠው የቅዱስ ያሬድን ዜማ ያጠኑ ነበር። በዚያን ጊዜ የቆሎ ተማሪዎች በየቤተ ክርስቲያኑ ደጅ በብርድ ሲያድሩ አይተው አዘኑ፤ የሚሰጧቸው ገንዘብ ባይኖራቸው በፒያኗቸው ሊረዷቸው ቆረጡ። የመጀመሪያ ሸክላቸውም በጀርመን አገር ታተመ። በ2006 የኢትዮፒክስ 21ኛ ቁጥር ሆኖ በወጣው ላይ ስንሰማው ፒያኖው ጥርት ያለ ነው። እማሆይ በ2023 በ99 ዓመታቸው በኢየሩሳሌም ዐረፉ። በ2024 ግን «ሱቬኒርስ» የሚባል ሌላ አልበም ወጣ። ይህንን ከ1977 እስከ 1985 ባሉት ዓመታት አዲስ አበባ በቤታቸው ሆነው በካሴት መቅጃ ራሳቸው የቀረጹት ነው፤ በአማርኛም ይዘምሩበታል። ስቱዲዮ የለ፤ ባለሙያ የለ፤ በመስኮቱ የወፎች ድምፅ ይገባል። ሆኖም የሚዘምሩበት ክፍል ስፋቱና የቀኑ ጸጥታ ሳይቀር ይታወቃል። በመልካም ቀረጻ ክርክራችን ይህ አልበም እስከ ዛሬ ያስቸግረናል፤ በመሣሪያው ቢመዘን ከሁሉም መጨረሻ በወጣ ነበር፤ እኛ ግን ደጋግመን የምንከፍተው እርሱን ነው።

ይህን ሰምተን ስናበቃ ከመካከላችን ሁለቱ መንገዱ ሰላም በነበረበት ሳምንት በአውቶቡስ ተነሥተው 100 ኪሎ ሜትር ያህል ተጉዘው ደባርቅ ገቡ። ጋሼም «ደግሞ ምን ልታበላሹ መጣችሁ ልጆቼ?» ብለው ተቀበሏቸው። ቤታቸው በጭድና በጭቃ የተመረገ ስለ ሆነ እንደ አዳራሻችን ሲሚንቶ ድምፅ አይመልስም። ራዲዮኑን አዘጉ፤ በበርጩማ ላይ ጋቢ አጥፈው ስልኩን በላዩ አኖሩ፤ ከዋሽንቱ ሁለት ክንድ አርቀው፤ ትንፋሹ እንዳይመታውም ወደ ጎን አደረጉት። አስቀድመው ከፍ ያለውን ክፍል እንዲነፉ ለምነው፤ በእርሱ ልክ መጠኑን አስተካከሉ። 3 ጊዜ ቀረጹ። ሦስተኛው መልካም ነው፤ ነገር ግን በመካከሉ የጎረቤት አውራ ዶሮ ይጮኻል። ዶሮው ይቆረጥ አይቆረጥ በሚል አንድ ሳምንት ሙሉ ተጣላን። በኋላም አንዱ የእማሆይን ወፎች አስታወሰና ዶሮው ቀረ።

ክቡር ርእሰ መምህር ከፈቀዱልን ቀረጻውን አሁን እናሰማለን፤ 4 ደቂቃ ነው። ማጉያውን የምንከፍተው እስከ ግማሽ ድረስ ብቻ ስለ ሆነ ከኋላ የተቀመጣችሁ ወደ ፊት ቅረቡ። እባካችሁ ስልኮቻችሁን ዝጉ፤ በሩንም የሚዘጋልን ሰው እንፈልጋለን። ጋሼ ከፊተኛው ረድፍ ከልጅ ልጃቸው ጋር ተቀምጠዋል፤ ከተሳሳትን እርሳቸው ይነግሩናል።