የሶላር ሽቦና ቤታችን

ዛሬ የምንነጋገረው ስለ ሶላር ሽቦ ነው። በየመንደሩ በኩራዝ ፋንታ ሶላር የሚያበራ ሰው በዝቷል። ደግ ነገር ነው። ግን ሰሌዳውንና አምፖሉን የሚንከባከበው ሰው ሽቦውን ልብ አይለውም።

«የሶላር ሽቦ አይነዝርም፣ ምን ያደርጋል?» ይባላል። እውነት ነው፤ የከተማ መብራት 220 ቮልት ስለሆነ ሰው ይገድላል። የቤት ሶላር ብዙውን ጊዜ 12 ቮልት ነው፤ በደረቅ እጅ ቢነኩት አይነዝርም። ቤት ግን ያቃጥላል። እንዴት ቢሉ፣ ከባትሪው የሚወጡት ቀዩና ጥቁሩ ሽቦ ላስቲካቸው ተልጦ ከተነካኩ፣ የተጠራቀመው ኃይል ባንድ ጊዜ ይፈሳል። ሽቦው እንደ ፍም ሊግል ይችላል። ያ ሽቦ በሣር ክዳን ውስጥ ያለፈ እንደሆነ የሚከተለውን እናንተው ታውቁታላችሁ። ስለዚህ ከባትሪው አጠገብ፣ በቀዩ ሽቦ ላይ ፊውዝ ይግባ። ፊውዝ ማለት ኃይል ሲበዛ ራሱ ተቃጥሎ መንገዱን የሚዘጋ ቀጭን ሽቦ ነው። ሲቃጠል በሌላ ሽቦ አይቀጠልም፤ ምክንያቱ ተፈልጎ፣ ልኩ የሆነ ሌላ ፊውዝ ይገባል።

ታዲያ ላስቲኩን ማን ይልጠዋል? አንደኛዋ አይጥ ናት። በክዳኑ ውስጥ የተሸጎጠውን ሽቦ ማንም ሳያያት ትበላዋለች። እንግዲህ ሽቦው በምሰሶና በማገር ላይ፣ ዓይን በሚያየው ቦታ፣ ከምድጃ ራቅ ብሎ ይሂድ። በአሮጌ የውሃ ጎማ ውስጥ ቢያልፍ የተሻለ ነው። አይጥ ጎማም ትበላለች፤ ቢሆንም ሽቦው ጋ ከመድረሷ በፊት የበላችው ይታያል። ሚስማር በሽቦው ላይ አጥፎ መምታት ላስቲኩን ይቆርጠዋል፤ በሲባጎ ማሰር ይበቃል። የቆርቆሮ ጠርዝም ቢላዋ ነው፤ ነፋስ ሲያወዛውዘው ሽቦውን ይገዘግዘዋል። እዚያ ላይ ቁራጭ ጎማ ይልበስ። ሽቦው ወደ ቤት ከመግባቱ በፊት ከቀዳዳው ዝቅ ብሎ ይንጠልጠል፤ የዝናቡ ውሃ ውጭ ይንጠባጠባል።

«ሶላሩ ደከመ» ሲባልም ጥፋቱ አንዳንዴ የሽቦው ነው። ከ220 ላይ 2 ቮልት ቢጠፋ ማንም አያውቅም። ከ12 ላይ 2 ቢጠፋ ግን አምፖሉ ይፈዛል። ሽቦ በረዘመና በቀጠነ ቁጥር ብዙ ይጠፋል። ስለዚህ ባትሪው ለሰሌዳውም ለአምፖሉም ቀረብ ይበል፤ ሽቦውም ወፈር ያለ ይሁን።

ሽቦ ሲቀጠል አስቀድሞ ከባትሪው ይነቀላል። ቀዩ ከቀይ፣ ጥቁሩ ከጥቁር ጠበቅ ተደርጎ ይጠመዘዛል። ከዚያም እያንዳንዱ ለብቻው በናስትሮ ይጠቀለላል። ፌስታል አይሆንም፤ ይላላል፣ እሳትም ይወዳል።